ይግባኝ ሰሚውንስ ማን ያስተምረዋል?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስለ ቦታና ስለ ግንባታ ይግባኝ የቀረበ ጥናት

«ይግባኝ» የምንለው ቃል ተሟጋች በበታች ዳኛ ፍርድ ቅር ሲሰኝ «ነገሬ ከበላዩ ዘንድ ይግባልኝ» ብሎ የሚያሰማው ጥያቄ ነው። «አቤቱታ»ም «አቤት!» ከሚለው ጩኸት ጋር ዝምድና አለው። ሁለቱም ቃላት አንድ ነገር አስቀድመው ያምናሉ፤ ይኸውም ከበላይ የሚሰማ ጆሮ መኖሩን ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሕግ ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የአዋጁ ቁጥርና አንቀጽ ሁሉ ተጠንቶ ካለቀ በኋላ ሳይጠየቅ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ያ የሚሰማው ጆሮ፣ ማለት ከማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔ በላይ ተቀምጦ የሰውን ቤትና ቦታ ጉዳይ የሚያየው ጉባኤ፣ ለዚህ ሥራ ምን ተምሮ ተቀመጠ?

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ የቤት ኪራይ ከመሀል ከተማው ስለሚረክስ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ይኖራሉ። በዚያ የሚኖር ተማሪ ደግሞ ወደደም ጠላ የሠፈሩ ጸሐፊ ይሆናል። በበሯ ላይ ማስታወቂያ የተለጠፈባት ጎረቤት «አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የለም ወይ? እስቲ አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ» ትለዋለች። እሱም «እሺ እትዬ» ብሎ ይጽፋል። ለማን እንደሚጽፍ ግን ብዙ ጊዜ ስለማያውቅ በራስጌው ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ለሚመለከተው ሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም ሳይመለከት ይቀራል።

የቀድሞው የመናገሻ አውራጃ አዲስ አበባን ዙሪያዋን ይዞ የኖረ የገበሬ አገር ነበር። ጤፉና ስንዴው፣ የሱሉልታ ሜዳ ግጦሽ፣ የወጨጫ ተራራና የሱባ ደን ከዋና ከተማይቱ በር ላይ ነበሩ። ከተማይቱ ውሃ ስትፈልግ በቡራዩ በኩል ገፈርሳን ገደበች፤ ፋብሪካ ስትፈልግ ወደ ሰበታ ወጣች፤ ቤት ስትፈልግ ደግሞ ወደ ሦስቱም አቅጣጫ ፈሰሰች። ከተሞቹ ለብዙ ዓመታት በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ከቆዩ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተዋሕደው ሸገር ከተማ የሚባለው አስተዳደር ተመሠረተ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ቢደነግግም፣ በነዚህ ከተሞች ዳር ብዙ የእርሻ መሬት በወረቀት ውልና በሽማግሌ ምስክር ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ከዚህ የተነሣ ካርታ ያለው ቤት፣ ካርታ ሳይኖረው ግብር የሚገብር ቤት፣ እንዲሁም በሌሊት ተሠርቶ የሚነጋበት «ጨረቃ ቤት» በአንድ መንደር ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

ፕላን በዚህ አካባቢ የመሐንዲሶች ወረቀት ብቻ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት ለማቀድ የታሰበው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ተቃውሞው እንደገና ተቀጣጥሎ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በዚያው ዓመት በጥር ወር ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች ፈረሱ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲሱ በሸገር ከተማ ቤቶች ሲፈርሱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን ተመልክቶ መግለጫ አወጣ። እኔ እዚህ ላይ ማን ጥፋተኛ እንደ ነበረ ለመፍረድ አልነሣም። የምመለከተው ከፕላኑና ከዶዘሩ መካከል ሊቆም የሚገባውን አንድ ጠረጴዛ ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡትን ጥቂት ሰዎች።

የሚከፈቱት በሮች ከአንድ በላይ ስለሆኑ አስቀድመን እንለያቸው። የመጀመሪያው የፕላን በር ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተማን በጠቅላላው የሚመለከተውን መዋቅራዊ ፕላንና አንድን ሠፈር የሚመለከተውን የአካባቢ ልማት ፕላን ለይቶ፣ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት አዘዘ። ይህ በር የሚከፈተው ገና ከመነሻው ነው፤ ሰዉ ግን በዚያን ጊዜ ስብሰባውን የዕቁብ ያህል እንኳ አይቆጥረውም። ሁለተኛው የግንባታ በር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውንና የሚከለክለውን ባለሥልጣን «የሕንፃ ሹም» ብሎ ሰይሞ፣ በሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው የሚሄድበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዲኖር አሰበ። በሌሎች አገሮች የዞን ይግባኝ ቦርድ ከሚባለው ጋር የሚቀራረበው ይህ ነው።

ሦስተኛው በር ከሁሉ የሚያስፈራው የማስለቀቅ በር ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ አዋጅ ቁጥር 721 የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ አቤቱታውን እንዲያቀርብ፣ በመልሱ ቅር ከተሰኘም በ30 ቀን ውስጥ «የከተማ ቦታ ማስለቀቅና የካሳ ጉዳዮች ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ» ወደ ተባለው ጉባኤ እንዲሄድ ደነገገ። የጉባኤውም ውሳኔ ከካሳ ጉዳይ በቀር የመጨረሻ እንዲሆን አደረገ። ጉባኤው በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሳይታሰር በተፋጠነ መንገድ እንዲሠራም ፈቀደ። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ አዝዞ፣ አቤቱታ ማቅረቢያውን 30 ቀን አድርጎ፣ በጉባኤው ያልረካ ሰው ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፈተ። እነዚህ አዋጆች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ማመልከቻ ጸሐፊ የሆነ ሁሉ ከመጻፉ በፊት የመጨረሻውን ነጋሪት ጋዜጣና የክልሉን ደንብ መመልከት አለበት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። አቤት ባዩ ቀን ተቆጥሮለታል፦ 15፣ 30። አንድ ቀን ያሳለፈ እንደሆነ በሩ ይዘጋበታል። ጉባኤው ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን ስንት ሰዓት መማር እንዳለበት፣ ከመቀመጡ በፊት ምን ማወቅ እንዳለበት በነዚህ አዋጆች ውስጥ ተቆጥሮ አናገኘውም። ጥብቅነቱ ሁሉ በአመልካቹ ላይ ነው። ለመደበኛ ዳኛ የቅድመ ሥራ ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማት በፌዴራልም በክልልም አሉ። የመጨረሻ የሆነ ውሳኔ በሰው ቤት ላይ የሚሰጥ የጉባኤ አባል ግን ከመሥሪያ ቤቱ ተወክሎ በደብዳቤ ሊመጣ ይችላል፤ ትናንት የገቢ ወይም የእርሻ ጉዳይ ሲመለከት ውሎ ዛሬ የመንገድ ስፋት ይፈርዳል። ሕግ ከሥነ ሥርዓት ሕጉ እስራት ሲፈታው ለፍጥነት ብሎ ነው፤ የተፈታ ሰው ግን ሌላ መንገድ ካልተሰጠው በየት እንደሚሄድ ራሱ ይወስናል።

ከዚህም የሚብስ አለ። በዚያው በ721 አዋጅ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ የ7 የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ወይም በንብረቱ ላይ በመለጠፍ ብቻ፣ ያለ ማስለቀቂያ ትእዛዝና ያለ ካሳ ማስለቀቅ እንዲቻል ተፈቅዶ ነበር። ሕገ ወጥ ወረራ መገታቱን የሚቃወም የለም። ነገር ግን «ይህ ሰው ሕገ ወጥ ነው» የሚለው ነገር ራሱ ክርክር የሚያስነሣ ነገር ነው። የ20 ዓመት የግብር ደረሰኝ ያላት ሴትና ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮ የመታው ደላላ በአንድ ቃል ከተጠሩ በሁለቱ መካከል የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። የሚለየውም የሚያፈርሰው ራሱ ከሆነ ከሳሽና ዳኛ አንድ ሆኑ ማለት ነው። እንደኔ እንደኔ የይግባኝ ጉባኤ ዋጋ የሚታወቀው በዚህ ላይ ነው፤ ካርታ ስለያዘ ሰው ካርታውን አይቶ መፍረድ ብዙ አያስቸግርም።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በበላ ልበልሃ ዘመን ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ትምህርት ቤት አልገባም፤ ነገር ግን ልጅ ሆኖ ከዛፍ ሥር ክርክር ሲሰማ፣ ጎልምሶ ዋስ ሲሆን፣ ሸምግሎ ሲያስታርቅ ኖሯል። በዙፋን ችሎትም አስተያየት ይሰጥ የነበረው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን የሚሰጡት ከሁሉ በኋላ ነበር። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ በይሉኝታ ይታሰራልና። ይህን አንድ ሥርዓት ብቻ ዛሬ በየጉባኤው ብናስገባው፣ ማለት ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ እንዲናገር ብናደርግ፣ አንድ ሳንቲም ሳናወጣ ብዙ ነገር ይቃናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቅ ንብረት ካሳ ላይ ስምምነት ሲጠፋ ገማች ኮሚቴ እንዲወስን፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲባል አድርጎ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት እጅ ሲገባ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ከነፍርድ ሸንጓቸው አቋቋመ። የቀበሌው ሸንጎ አባላት ከሕዝቡ የተመረጡ እንጂ በሕግ የሠለጠኑ አልነበሩም። ጥቅሙ ቅርብ መሆኑ ነበር፤ ዳኛው አጥሩን ያውቀዋል። ጉዳቱም ያው ቅርብ መሆኑ ነበር፤ ዳኛው ባለ አጥሩንም ያውቀዋል።

ወደ ውጭ አገር ስንመለከት ሦስት ነገር እናገኛለን። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1954 ክሪቸል ዳውን በሚባል የእርሻ መሬት የተነሣ አንድ ሚኒስትር ሥልጣኑን እስኪለቅ ድረስ ተሟገቱ። መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1938 ለአየር ኃይል ቦምብ መለማመጃ ተገዝቶ የነበረ ሲሆን፣ ሥራው ካበቃ በኋላ ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች ዕድል ሳይሰጥ በመሥሪያ ቤቶች መካከል ተላለፈ። ከዚያ ወዲያ በሰር ኦሊቨር ፍራንክስ የተመራው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ሪፖርት ከመደበኛ ፍርድ ቤት ውጭ የሚሠሩ ጉባኤዎች ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያሟሉ ጠየቀ፤ ግልጽነት፣ ትክክለኛነት፣ አለማዳላት። በዓመቱም በሕግ ተደነገገ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው የፕላን ሕግ በየካውንቲው የይግባኝ ኮሚቴ አቁማ፣ በፕላን ባለሥልጣኑ ውሳኔ ቅር የተሰኘ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያመለክት፣ ከዚያም የአካባቢና የመሬት ጉዳይ ወደሚያይ ፍርድ ቤት እንዲሄድ አድርጋለች።

የአሜሪካው ግን ለጥያቄያችን ይበልጥ ይቀርባል። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 የዞን ደንብ ስታወጣ አብራ የይግባኝ ቦርድ አቋቋመች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የንግድ ሚኒስቴሩ ለክፍላተ ሀገሩ ባሰራጨው ናሙና ሕግ ላይ ቦርዱ አምስት አባላት እንዲኖሩት፣ የባለሥልጣኑን ውሳኔ ለመሻር አራቱ እንዲስማሙ፣ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ እያንዳንዱ አባል የሰጠው ድምፅ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ ተደረገ። የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የፕላንና የዞን ይግባኝ ቦርድ አባል የሆነ ሁሉ በየዓመቱ ቢያንስ 4 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ አዘዘ። ያልወሰደ ዳግመኛ አይሾምም፤ ነገር ግን አባሉ ስላልሠለጠነ ብቻ ቦርዱ የሰጠው ውሳኔ አይፈርስም። ይህ ብልኅ አሠራር ነው፤ ቅጣቱ በአባሉ ላይ እንጂ በአመልካቹ ላይ አይወርድም። አራት ሰዓት ደግሞ ምንድን ነው? ከቡራዩ መርካቶ ደርሶ ለመመለስ በታክሲ ሰልፍ ከሚጠፋው ጊዜ ብዙም አይበልጥ።

እንግዲህ በእነዚያ ሰዓታት ምን ይማሩ? ከሁሉ በፊት ፕላን ማንበብ። እንበልና በቡራዩ አንድ መንገድ ሊሰፋ ተወስኖ የአንድ ሰው ቤት ጥግ «መንገድ ውስጥ ገብቷል» ተባለ። ካርታው 1 ሚሊ ሜትሩ በመሬት ላይ 2 ሜትር የሚሆንበት ነው እንበል። በካርታው ላይ የተሰመረው መስመር ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ መስመሩ ብቻውን 1 ሜትር መሬት ይሸፍናል። አንድ ሜትር ማለት የአንድ ክፍል ግድግዳ ነው፤ አልጋ የሚቆምበት ቦታ ነው። ይህን የማያውቅ የጉባኤ አባል ባለሙያው ጣቱን በካርታው ላይ አስቀምጦ «እዚህ ላይ ነው» ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። የሚያውቀው ግን «የመንገዱ መካከል ከየት ተለካ? ችካሉን ማን ተከለው? መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም ተነሥቶ ቦታውን ሄዶ ያያል። ቦታ ሳያዩ ስለ ቦታ መፍረድ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ሄዶ ሲያይ ግን ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ይሁን፤ ከአንደኛው ወገን ጋር በአንድ መኪና ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ የተመለሰ ዳኛ ምንም ባይቀበል እንኳ የታመነ አይሆንም።

ሁለተኛው ራስን ማግለል ነው። በሰበታ ወይም በሱሉልታ ከተሞች ዘመድ፣ አበልጅ፣ የዕድርና የማኅበር ሰው የማይሆን ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ አባሉ «አላውቀውም» ማለት እንዲችል ሳይሆን፣ «አውቀዋለሁና በዚህ ጉዳይ አልቀመጥም» ማለት እንዲችል መሠልጠን አለበት። ይህን የሚል ሰው በባህላችን የተከበረ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የመሥሪያ ቤት ዝምድና ነው። ማስለቀቂያውን ከጻፈው ክፍል ደመወዝ የሚቀበል ሰው በዚያው ክፍል ላይ ይግባኝ ሲሰማ የሥጋ ዝምድና የለውም፤ የእንጀራ ዝምድና ግን አለው። ሥልጠና ይህን አይፈውሰውም። የሚፈውሰው ከአባላቱ ውስጥ ከአስተዳደሩ ደመወዝ የማይቀበሉ፣ ለምሳሌ ጡረታ የወጡ ዳኞች፣ መምህራንና ቀያሾች እንዲገቡ ማድረግ ነው።

የቋንቋ ነገርም አለ። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማስታወቂያውም ውሳኔውም በዚያ ይጻፋል፤ ይህ የክልሉ መብት ነው። ነዋሪው ግን ከየአገሩ የመጣ ነው፤ እንዲሁም በዚያው ተወልዶ ማንበብ ያልተማረ ገበሬ አለ። ሁለቱም የተለጠፈውን ወረቀት እኩል አያነቡትም። የደረሰውን ማስታወቂያ ያልተረዳ ሰው ቀኑ አለፈብህ ቢባል የሚቆጠርበት ቀን መቼ ጀመረ? ጥሩ የሠለጠነ ጉባኤ አመልካቹ ፊቱ ሲቆም አስቀድሞ «የተጻፈልህን ተረድተሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አስተርጓሚም ያቀርባል።

ውሳኔ መጻፍን በተመለከተ የእኛ ፋኩልቲ ሰዎች ድርሻ ያለን ይመስለኛል። «አቤቱታው ተቀባይነት ስለሌለው ውድቅ ተደርጓል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰዋስው አይጎድለውም፤ ምክንያት ግን የለውም። ተቀባይነት የሌለው ለምንድን ነው? ስላልተቀበልነው። አመልካቹ ምን አለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ምን መለሰ፣ ጉባኤው የትኛውን ማስረጃ አምኖ የትኛውን ለምን ጣለ፣ የትኛውን አንቀጽ ጠቀሰ፤ እነዚህ አራት ነገሮች ካልተጻፉ በላይ ያለው ፍርድ ቤት የሚመረምረው ነገር አያገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ባለሥልጣን ሰውን ሳይሰማና ምክንያት ሳይጽፍ እንዳይወስን፣ ውሳኔውም በፍርድ ቤት እንዲከለስ የሚያደርግ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የታሰበ ስለሆነ የክልል ከተማን ማዘጋጃ ቤት በቀጥታ አይገዛም። በአዲስ አበባ አንድ ዳር ቆሞ አሻግሮ ለሚያይ ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን መሀል ላይ ይቆረጣል። ክልሎች ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጡ የሚያጡት ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ሥልጠና አንድ ነገር ከሌለ ከንቱ ነው፤ እግድ። ይግባኝ እየተሰማ ቤቱ ይቆማል ወይስ ይፈርሳል? በአሜሪካው ናሙና ሕግ ይግባኝ ከቀረበ ጊዜ አንሥቶ የተወሰነው ነገር ባለበት ይቆማል፤ ለሰው ሕይወት ወይም ለንብረት የሚያሠጋ መሆኑን ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ካላረጋገጠ በቀር። በእኛ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቅ አዋጅ ቁጥር 455 ግን የካሳ አቤቱታ የማስለቀቁን አፈጻጸም አያዘገየውም ብሎ ነበር። ለካሳ ብቻ ከሆነ ይህ ያስኬዳል፤ ገንዘብ በኋላም ሊጨመር ይችላልና። «ቦታው የእኔ ነው» ወይም «መስመሩ በእኔ ቤት ላይ አያልፍም» ለሚል ሰው ግን ከፈረሰ በኋላ መስማት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፍርስራሽ ለምስክርነት አይበቃም፤ ከፈረሰ ግድግዳ ላይ የሚለካ ነገር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው የሥነ ሥርዓት ደንብ ጉባኤው መዝገቡን በከፈተበት ቀን የጽሑፍ እግድ መስጠት መቻሉ ይሁን።

የሚቃወመኝ ሰው እንዲህ ይላል፦ «እግድ ስትሰጡ ደላላው ደስ ይለዋል። ለጨረቃ ቤቱ ሁሉ ይግባኝ ይጠይቅና መንገዱም ቧንቧውም ሳይሠራ ይኖራል።» ይህ እውነት ያለበት ተቃውሞ ነው። ደላላ ከማንም በላይ ቀን መቁጠር ያውቃል፤ ጠበቃም አያጣም። የሚጎዳው ቀን መቁጠር የማያውቀው ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ጉባኤውን ማደንዘዝ አይደለም። የሠለጠነ ጉባኤ ከንቱ አቤቱታን በአንድ ስብሰባ ለይቶ ይጥላል፤ ያልሠለጠነ ጉባኤ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ያጉላላል፣ አለዚያም ሁሉንም አንድ ላይ ይጥላል። የደላላው ሀብት ግራ መጋባት ነው። ፍጥነትም ከዕውቀት ጋር አይጣላም፤ የልብስ ስፌት መኪናውን የሚያውቅ ሰው ነው ቶሎ የሚሰፋው።

ጉባኤዎቹ እስኪማሩ ድረስ ግን እኛ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ የምናደርገው ነገር አለ። ማስታወቂያው የተለጠፈበትን ወይም በእጅ የደረሰበትን ቀን በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉ፤ ከተቻለም ሁለት ጎረቤት ይፈርሙበት። የተለጠፈውን በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡት። «ለሚመለከተው ሁሉ» አትበሉ፤ የአቤቱታ ሰሚውን ወይም የጉባኤውን ትክክለኛ ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። ልቅሶና እርግማን ቀንሱ፤ «ሦስት ልጆች ይዤ» የሚለው እውነት ቢሆንም መጀመሪያ የይዞታው ቁጥር፣ የግብሩ ደረሰኝ፣ የቦታው ስፋትና የምትጠይቁት ነገር ይምጣ። የምትጠይቁትንም ለዩት፤ ካሳው አነሰ ነው ወይስ ቦታው አይለቀቅም ነው? ሁለቱ በተለያየ በር ይሄዳሉ። እግድ በተለየ አንቀጽ ጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁና መዝገብ ቤት ስታስገቡ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ጸሐፊዋ «ትተኸው ሂድ፣ ሰብሳቢው የሉም» ካለች በትሕትና ቁሙ፤ ገቢ ለማድረግ ሰብሳቢው መኖር አያስፈልጋቸውም። ማኅተሙ ያለበት ያ ቅጂ ከቤቱ ውስጥ ሳይሆን ከቤቱ ውጭ፣ በዘመድ ወይም በዶርም ሣጥናችሁ ውስጥ ይቀመጥ።